የእዮብ ሽማግሌ

ሰይድ መሞቱን የነገረኝ ሙሉጌታ ነው። ሥራ ላይ ነበርኩ፤ መሀል ከተማ ባለ የመኪና ማቆሚያ ሕንፃ በር ላይ፣ እንደ ሁልጊዜው መስታወቱ ውስጥ ተቀምጬ። ሙሉጌታ በሥራ ሰዓት ኮል የሚያደርግ ሰው አይደለም።

«ጋሽ ታደሰ፣ ሰማህ?»

«ምኑን?»

«ጋሽ ሰይድ ኮምቦልቻ አረፈ። እህቱን ሊጠይቅ ሄዶ አልነበር? ትናንት አርፎ ትናንትናውኑ ቀበሩት።»

ከፊቴ አንዲት ሴት ትኬቷን ዘርግታ ትጠብቅ ነበር። ተቀብዬ መዝጊያውን ከፈትኩላት። ሙሉጌታን «እሺ» አልኩት። እሱም «እሺ» ብሎ ዘጋው።

ስለ ሞተ ሰው ሲወራ ጉድለቱን ዘሎ ማለፍ ልማዳችን ነው። እኔ አልወደውም፤ ሰውዬውን ሌላ ሰው ያደርገዋል። ሰይድ ግትር ነበር። ሲጠይቁት ቶሎ አይመልስም፤ ሲመልስም ያጥራል። ሚስቱን ዘሃራን ከአንድ ጊዜ በላይ አስለቅሷታል፤ አሁን የምጽፈው ነገርም ለእሷ ቀላል አልነበረም። ይህን ሁሉ ቆጥሬም የማልረሳው ሰው እሱ ነው።

ያወቅኩት በክሪኬት ነው፤ አንዱ ወርውሮ ሌላው በእንጨት በሚመታው የኳስ ጨዋታ። አንባቢ እዚህ ላይ ቢስቅ አልፈርድበትም፤ እኔም መጀመሪያ ስቄያለሁ። ሐበሻ ኳስ ቢል እግር ኳስ ነው። ነገር ግን ሕዝባችን ያልተበተነበት አገር የለም፤ የተበተነበትን አገር ጨዋታም ይማራል። ሲያትል ውስጥ ሕንድ አገር ተምረው ክሪኬት የለመዱ፣ ናይሮቢ አድገው የለመዱ፣ ዱባይና ሻርጃ ሠርተው የለመዱ ልጆች ነበሩ። እነሱን አሰባስቦ ቡድን ያደረገው ኸድር ነው፤ የዘሃራ ታናሽ ወንድም። ቅዳሜ ቅዳሜ አንድ ትምህርት ቤት ሜዳ ላይ ይጫወታሉ፤ ሲጨርሱ ሬኒየር ቫሊ ሰፈር ያለችው የማኅበራችን ክፍል ገብተው ይከራከራሉ። የክፍሏ ቁልፍ እኔ ዘንድ ስለሆነ፣ እነሱ ተከራክረው እስኪወጡ ጥግ ይዤ እጠብቃለሁ። እንዲህ እየጠበቅኩ ነው ጨዋታውን የተማርኩት።

ሰይድ ሻርጃ የክሪኬት ሜዳ ሠራተኛ ነበር። ሜዳው መሀል ያለችውን ጠባብ መሬት ያጠጣል፣ በከባድ ብረት ይጠቀጥቃል። የሚለማመዱት ፓኪስታኖች ኳስ የሚወረውርላቸው ሲያጡ «ና እስቲ አንተ» ይሉታል። ሲወረውርላቸው ወርዋሪ ሆኖ ቀረ። ኳሱ ፍጥነት የለውም፤ ዝግ ብሎ ይመጣና መሬት ሲነካ ማንም ባላሰበው በኩል ይታጠፋል። የኛ ልጆች ሊመቱት ሲሰነዝሩ አየር ይመቱና ዞረው ያዩታል፤ እሱ ፊቱ ላይ ምንም ነገር የለም።

እዚህ ታክሲ ይነዳ ነበር። ኤርፖርት ተራ የሚጠብቁ የፓኪስታንና የሕንድ ሾፌሮች የየአገራቸው ብሔራዊ ቡድን ውጭ አገር ሊጫወት በሚሄድበት ሰሞን አንድ ሥራ ብቻ ነው ያላቸው፤ ማን ተመረጠ፣ ማን ቀረ እያሉ መጣላት። ሰይድ ወገን ስለሌለው ዳኛ ያደርጉታል። አንድ ቀን እንዲህ ብሎ ነገረኝ።

«የላሆሩ ሰው የላሆሩን ልጅ ይላል። የካራቺው የካራቺውን። ቀኑን ሙሉ ስለ ኳስ የሚያወሩ ይመስልሃል፤ የሚያወሩት ስለ ሰፈራቸው ነው።»

«አንተ ታዲያ ምን ትላቸዋለህ?»

«ስሙን ትታችሁ ስለ እጁ ንገሩኝ እላቸዋለሁ።»

«ይነግሩሃል?»

«ዝም ይላሉ» አለኝ። ሲናገር የቀኝ እጁ ጣቶች የሌለ ኳስ ያሽከረክራሉ። ይህ ልማዱ ነበር። መሪ ይዞም፣ ለሰላት ሊታጠብ ተራ እየጠበቀም፣ ሰው እያጽናናም ጣቶቹ አያርፉም።

ከዚያ አንድ ዓመት የናይሮቢው ግብዣ መጣ። እዚያ ያሉ ክሪኬት ወዳዶች ትንሽ ውድድር አዘጋጅተው፣ ቡድኖች በየአገራቸው ስም እንዲመጡ ጠሩ። ኸድር «ኢትዮጵያ ብለን እንሄዳለን» አለ። ማን ፈቀደልን ብሎ የጠየቀ አልነበረም። ማሊያ ታዘዘ፤ ጀርባው ላይ የአገር ስም ተጻፈ። ልጆቹ «ናሽናል ቲሙ» ሲሉ መጀመሪያ ለቀልድ ነበር፤ ሳምንት ሳይሞላ ቀልዱ ጠፋ።

ሰይድ ግን ነገሩን ከሁሉም በላይ የምር ያዘው። «በአገር ስም ከሄድን በጓደኝነት አንሄድም፤ ይመረጣል» አለ። መራጮች ሦስት እንድንሆን ተወሰነ፤ እሱ፣ ፀጉር አስተካካዩ ሙሉጌታና እኔ። እኔ ለምን እንደተጨመርኩ ስጠይቀው «ልጆችህን የምታይበትን ዓይን ይዘህ ና፤ እሱ ይበቃናል» አለኝ። ሙገሳ ይሁን ወቀሳ እስከ ዛሬ አላወቅኩም። ልጆቼ አንድ ቡድን ውስጥ ሳይገቡ ሲቀሩ «ዳድ፣ ሄደህ አሰልጣኙን አናግርልን» ይሉኛል። አልሄድም። እናታቸው ጨካኝ ትለኛለች።

የሰይድ ደንብ ሦስት ነገር ነበር። ስንከራከር የተጫዋች ስም አይጠራም። የራሱ ወይም የዘመዱ ተራ የደረሰበት መራጭ ተነስቶ በረንዳ ላይ ይቆማል። አንድ ሰው ሲጣል ደግሞ የመጨረሻዋን ድምፅ የሰጠው መራጭ ራሱ ሄዶ ፊት ለፊት ይነግረዋል። «በቴክስት አይደለም፤ በሰውም አይደለም» አለ።

አብዛኛው በሰላም አለፈ። የሰይድ የራሱ ተራ ሲደርስ በረንዳ ወጣ፤ ከመቀመጫችን ሳንነሳ መርጠን ጠራነው። ነገሩ የመጣው ኪፐሩ ላይ ነው። ኪፐር የሚሉት፣ መቺው ከሚከላከላቸው ሦስት የቆሙ እንጨቶች ኋላ አጎንብሶ፣ መቺው የሳተውን ኳስ የሚቀልበው ሰው ነው። ቡድን አንድ ኪፐር ይዞ ነው የሚሄደው። እኛ ሁለት ነበሩን።

አንደኛው ኸድር ነበር። ሁለተኛው እዮብ። እዮብ ሕንድ አገር የተማረ፣ በዲቪ ከመጣ ገና ዓመት ያልሞላው ዝምተኛ ጎልማሳ ነው። ሬኒየር ቢች ከማያውቃቸው ሰዎች ጋር ክፍል ተጋርቶ ይኖራል። መጋዘን ሌሊት ሠርቶ ቅዳሜ ጠዋት ዓይኑ እንደቀላ በአውቶቡስ ሜዳ ይመጣል። እዚህ አገር አንድ ዘመድ የለውም።

ሰይድ ተነሳ። «ይኼ የቤቴ ሰው ነው፤ እወጣለሁ።»

እኔና ሙሉጌታ ቀረን። «ኦኬ፣ ስም አልጠራም» አለ ሙሉጌታ። «አንደኛው ቡድኑን ፈጥሯል። ሁለተኛው ሻንጣውን አልፈታም። ሶ ምን ያከራክረናል?»

«አንደኛው ጉልበቱ አያጎነብስም» አልኩት። «ኳስ ሳይደርስ ነው ቀና የሚለው። በግራ በኩል የመጣው ሁሉ ያልፈዋል።»

«አንተ ደግሞ ከመቼ ወዲህ ነው ኤክስፐርት የሆንከው?»

«ቅዳሜ ቅዳሜ ምን እሠራለሁ? ማየት ነው።»

«አየኸው፣ ጥሩ። ሰውየው ይኼን ቡድን እንደ ልጅ ነው ያሳደገው። ልጁን ሌላ ሰው ሲድርበት ቆሞ ይይ ነው የምትለው?»

እሱ አንደኛውን፣ እኔ ሁለተኛውን እንዳልን ቀረን። አንድ ለአንድ። ሰይድን ከመጥራት ሌላ መንገድ አልነበረም። ገብቶ ሲቀመጥ ፊቱ ላይ የሚጠላውን ነገር የሰማ ሰው መልክ ነበር።

«በግራ የሚመጣውን የሚይዘው የትኛው ነው?» ብሎ እኔን ጠየቀ።

«ሁለተኛው።»

«ሙሌ፣ አንተስ?»

«እሱማ ሁለተኛው ነው። ግን ...»

«ግን የምትለዋን ተዋት» አለ። «እዮብ ይሄዳል።» ስም የጠራው ያን ጊዜ ብቻ ነው። የመኪናውን ቁልፍ አንስቶ ወጣ።

ኸድር በኋላ እንደነገረኝ፣ ሰይድ እሱ ቤት ደርሶ በር ላይ እንደቆመ «አልመረጥኩህም። በግራ በኩል እዮብ ይሻልሃል» ብሎት ተመለሰ። «ግባ ስለው እንኳ አልገባም፤ የእህቴ ባል!» አለኝ።

አሁን የውለታውን ነገር መናገር አለብኝ፤ ያለሱ የሆነው አይገባም። ሰይድና ዘሃራ ወደዚህ የመጡት በኸድር ነው። ኸድር ያን ጊዜ አንድ መኝታ ቤት ነበረው፤ መኝታውን ለነሱ ለቆ እሱ ሳሎን ሶፋ ላይ ከዓመት በላይ ተኛ። ሰይድን በየመንገዱ እያዞረ መንዳት ያስለመደው፣ ታክሲ ያስገባውም እሱ ነው። ይህን ያላወቀ ሰው አልነበረም። ስለዚህ ወሬው በአንድ ሳምንት ከሬኒየር ቫሊ እስከ ሾርላይን ደረሰ፤ ሰይድ ውለታ ቢስ ነው ተባለ። ከመስጊድ ሲወጣ ሰላምታ ያሳጠሩበት ሰዎች ነበሩ።

ኸድር ደግሞ እኛ ብቻ የምናደርገውን አደረገ። ክሪኬት በሚጫወተው ዓለም የተጣለ ተጫዋች ምን እንደሚያደርግ አላውቅም፤ የኛ ሰው ሽማግሌ ላከ።

ሰይድ ቀድሞ ሰምቶ ደወለልኝ። «እሑድ ሽማግሌ ሊመጣብኝ ነው። አንተም መራጭ ነህ፤ ና።» ሙሉጌታንም ጠርቶት ነበር። እሱ ግን «እኔ በዚህ አልገኝም፤ የሐጂ ይማምን ጢም የማስተካክለው እኔ ነኝ» ብሎ ቀረ።

ሦስት ሆነው መጡ። መሪያቸው ሐጂ ይማም ናቸው፤ በዚህ ከተማ ያላስታረቁት ባልና ሚስት የለም። ሁለተኛው አቶ ገብሬ፣ ጡረታ የወጡ የአውቶቡስ ሾፌር። ሦስተኛው ሲገቡ ከሰጡት ሰላምታ በቀር ድምፃቸውን ያልሰማሁት አዛውንት ነበሩ። ኮት ለብሰዋል። ሰይድ ወንበር ቢያሳያቸውም አልተቀመጡም፤ ደንቡ እንደዚያ ነው። ሽማግሌ የመጣበትን «እሺ» ሳይባል አይቀመጥም፣ እህል አይቀምስም። ሽማግሌን ደግሞ ቆሞ እንደመጣ የሚሸኝ የለም። ሰይድም ይህን ያውቃል። አልተቀመጠም። እኔም ሶፋው ላይ ብቻዬን መቅረቴ ሲያሳፍረኝ ተነሳሁ። አምስት ሰዎች በአንዲት ሳሎን ዙሪያ ቆምን።

«ሰይድ ልጄ» አሉ ሐጂ ይማም፣ «ኸድር አስቀይሞህ ከሆነ ለኛ ብለህ ማረው።»

«አላስቀየመኝም፣ ሐጂ።»

«ታዲያ ለምን ከጉዞው አስቀረኸው?»

«ኳስ ያልፈዋል።»

አቶ ገብሬ ጣልቃ ገቡ። «ኳስ እኮ ነው፣ አቶ ሰይድ! ሰው በኳስ ይለወጣል?»

«ሁለቱም ሰዎች ናቸው፣ አቶ ገብሬ።»

«ያኛው ትናንት የመጣ ነው!» አለች ዘሃራ ከወጥ ቤት። ወጥታ አልታየችም፤ ድምፅዋ ግን ከሁላችንም ቅርብ ነበር። «ወንድሜ ሶፋ ላይ የተኛው ለማን ነው? እስቲ ንገራቸው!»

«ለኔ ነው» አለ ሰይድ።

«ታዲያስ!»

«ዘሃራ፣ ለኸድር ቤቴን ቢል ቤቴን እሰጠዋለሁ። መኪናዬን ቢል ይኸው ቁልፉ። የኔ ናቸው። የእዮብን ቦታ ግን ከየት አምጥቼ ልስጠው? የኔ አይደለም።»

ሐጂ ይማም ሚዛናቸውን ከአንድ እግር ወደ ሌላው አዛወሩ። ጉልበታቸው እንደሚያማቸው ሁላችንም እናውቃለን። «እኛ ስለ ፍርድ አልመጣንም» አሉ። «ስለ ምሕረት ነው የመጣን። ሽማግሌ ቆሞ አይመለስም፤ ታውቃለህ።»

«አውቃለሁ።»

«እኮ እሺ በለና እንቀመጥ።»

የሰይድ ጣቶች ይሽከረከሩ ጀመር። ከዚያ «ሐጂ፣ ለእዮብ ማን መጣ?» አለ።

«ምን ማለትህ ነው?»

«ለኸድር እናንተ መጣችሁ። እዮብ የሚልከው ሰው የለውም። ቢኖረው ኖሮ እነሱም እዚህ ቆመው ነበር።»

መልስ አልጠበቀም። ጓዳ ገብቶ ኮቱን ለብሶ መጣ። በመካከላችን አልፎ በሩን ከፈተና ወጣ፤ በሩም ተዘጋ። ጥሎን የሄደ መስሎን እርስ በርስ ተያየን። ወዲያው በሩ ተንኳኳ።

ዘሃራ ከወጥ ቤት ብቅ አለች፤ እጇ ላይ ማማሰያ ነበር። «የገዛ ቤቱን! ይኼ ሰው አብዷል!»

ከፈትኩለት። ገብቶ «አሰላሙ ዓለይኩም» አለና ከሐጂ ይማም ጎን፣ ከሽማግሌዎቹ ተራ ቆመ። እጁን አጣምሮ አንገቱን ደፋ፤ «ለእዮብ ነው የመጣሁት» አለ። «ዘመድ የሌለው ነው። የሚገባውን እንዳትወስዱበት ብዬ ነው።»

የሚለምኑት በዝተው የሚለመነው ሰው ጠፋ። ሐጂ ይማም ፊት ለፊታቸው ያለውን ባዶ ቦታ አዩና ዓይናቸውን ወደኔ መለሱ። የቀረሁት መራጭ እኔ ነበርኩ።

«እንግዲህ አንተ ነህ» አሉኝ። «ምን ትላለህ?»

«ሐጂ፣ ይቅርታ ያድርጉልኝ» አልኩ። «እዮብን ከሰይድ በፊት የመረጥኩት እኔ ነኝ። ዛሬም ይኸው ነኝ።»

ሰይድ አንገቱን አላቀናም። ሐጂ ይማም ለትንሽ ጊዜ ከላይ እስከ ታች አዩት፤ የተቆጡ መስሎኝ ነበር። ወደ ወንበሩ ሄደው ቀስ ብለው ተቀመጡ።

«ሐጂ! ተቀመጡ እንዴ?» አሉ አቶ ገብሬ።

«ተቀመጥኩ።»

«እሺ ሳይለን?»

«ማን ይበለን? ሰውየው ከኛው ጋር ቆሟል። ብዙ ሽምግልና ሄጃለሁ፤ የምለምነው ሰው አብሮኝ ሲለምን ያየሁት ዛሬ ነው። ተቀመጥ፣ ገብሬ፤ ጉልበቱ የሚያመውን አዛውንት አታስቁም።»

ሁሉም ተቀመጡ። ዘሃራ ምግቡን አቀረበች፤ ለባሏ ሳህን አላመጣችም። እሱም ተነስቶ ራሱ አመጣ። ሲሄዱ ሐጂ ይማም «ለኸድር ምን እንበለው?» ሲሉ፣ ሰይድ «ተቀመጥን፣ በላን፤ እዮብ ግን ይሄዳል በሉት» አላቸው። ያን ጊዜም ጭካኔ መስሎኝ ነበር፤ አሁንም ይመስለኛል። ልዝብ ቃል አልጠፋበትም፤ ግን ውሸት የሚመስለውን ሁሉ ሲጥል ልዝቡንም አብሮ ይጥላል።

ኸድር በዚያው ወር ቤቱን ለቆ ሾርላይን ገባ፤ ከከተማው ሌላ ጫፍ። የእህቱን ቤት መርገጥ ተወ። ከዘሃራ ጋር በስልክ ይነጋገራሉ፤ ከሰይድ ጋር ግን ምንም። ለዒድ እንኳ አልመጣም። ዘሃራ በዓሉን ወንድሟ ዘንድ፣ ሰይድ ብቻውን የዋሉበት ጊዜ ነበር። ሰይድ ስለዚህ ነገር አንድም ቀን አላወራኝም። ብቻ ያን ሰሞን ትርፍ ሰዓት ይነዳ ነበር።

ናይሮቢም እንደታሰበው አልሆነም። ቡድኑ በሁሉም ጨዋታ ተሸንፎ መጣ። ይባስ ብሎ እዮብ በመጀመሪያው ጨዋታ ቀላል ኳስ ጣለ፤ በግራ በኩል። ቪዲዮው ከነሱ ቀድሞ ሲያትል ገባ። ሙሉጌታ ቤት ፀጉሩን የሚቆረጥ ሁሉ እየደጋገመ አየው።

ሙሉጌታ ሰይድን «ይኸውልህ ምርጫህ» አለው።

«ኳሱ ወደቀ» አለ ሰይድ። «ምርጫው አልወደቀም።»

«ልዩነቱ ምንድን ነው?»

«ስንመርጥ የምናውቀው ያኔ ያለውን ነው። ዛሬም መልሰህ ያን ቀን ብታስቀምጠኝ እዮብን ነው የምለው።»

ይህን ነገር ለልጆቼ ብዙ ጊዜ ነግሬያቸዋለሁ። ሰው በትክክል ወስኖ ሊሸነፍ ይችላል፤ ተሸነፍኩ ብሎ ትክክሉን የሚጥል ግን ሁለት ጊዜ ነው የሚሸነፈው። ልጆቼ «ኦኬ ዳድ» ይሉኛል። ገባቸውም አልገባቸውም እኔ እናገራለሁ።

ሁለት ዓመት አለፈና ከካምፓላ ሌላ ግብዣ መጣ። መራጮቹ እንደገና ተሰበሰብን። ሰይድ ከሁሉም በፊት ሐሳብ አቀረበ። «ሦስት ሆነን አንድ ሲወጣ ሁለት እየቀረን ተፋጠጥን። አራተኛ ሰው ያስፈልጋል፤ ኸድር ይግባ።»

ሙሉጌታ በወንበሩ ላይ ተገላበጠ። «ጋሽ ሰይድ፣ ሰውየው ሰላም አይልህም!»

«ሰላምታ አላልኩህም። ኳስ ያውቃል፣ አይዋሽም።»

እኔ ደወልኩለት። ኸድር «ማን ነው ያለው?» አለኝ። ነገርኩት። «መጫወቱን ትቻለሁ» አለ። «ለመምረጥ ነው» አልኩት። ሁለት ሦስት ቅዳሜ ሜዳው ዳር ቆሞ ሲያይ ሰነበተና በተባለው ቀን መጣ። ለኔና ለሙሉጌታ እጁን ሰጠ፤ ለሰይድ ራሱን ነቀነቀ። ከጠረጴዛው ወዲያኛው ጫፍ ተቀመጠ።

ዝናብ ነበር። እዮብን ኪፐር አድርገን ስንመርጥ ኸድር ያለ አንድ ቃል እጁን አወጣ። ከዚያ የወርዋሪዎቹ ተራ ደረሰና ሰይድ ተነሳ። እንደ ልማዱ በረንዳ ላይ ወጥቶ በሩን ከኋላው ዘጋ። ኸድርም በዘመድ ደንብ ሊነሳ ሲል ሙሉጌታ «አንተማ ቁጭ በል፤ ደግሞ ሁለት ቀርተን እንፋጠጥ?» ብሎ አስቀረው።

ሙሉጌታ «እሱማ ያለቀለት ነው፤ ይሄዳል፤ እንለፍ» አለ።

«እኔ አይሄድም እላለሁ» አልኩ። ሙሉጌታ አፈጠጠብኝ። ሰይድ ወዳጄ ነው፤ ቢሆንም ቅዳሜ ቅዳሜ ማየቴን አላቆምኩም።

አንድ ለአንድ ሆንን። ሁለታችንም ዞረን ኸድርን አየነው።

ሙሉጌታ ሳቅ አለ፤ ደስ የማይል ሳቅ ነበር። «ወይ ጉድህ፣ ኸድሮ! ብትጥለው ቂም ተወጣ ይሉሃል። ብትመርጠው ፈራ ይሉሃል። እኔ ብሆን ሽንት ቤት ነኝ ብዬ እጠፋለሁ።»

ኸድር ጠረጴዛው ላይ ክርኑን አስደግፎ ወደ በሩ ያይ ነበር። በመስታወቱ የሰይድ ጀርባ ይታያል፤ ኮቱ ዝናብ ነክቶታል፣ የቀኝ እጁ ጣቶች ይሽከረከራሉ። ሁለት ዓመት ሙሉ የጠበቀው ቀን መጥቶለት እንደሆነ ከኸድር ፊት ማንበብ አልቻልኩም።

«ጋሽ ታደሰ» አለኝ በመጨረሻ፣ «ስለ ትከሻው ንገረኝ።»

«ኳሱ አጭር ይወድቃል» አልኩ። «የተወሰነ ከወረወረ በኋላ ሰው የማያየው ሲመስለው ቀኝ ክንዱን በግራው ይደግፋል። ድሮ የምትታጠፈው ኳስ አሁን ዝም ብላ ነው የምትመጣው።»

«ሙሌ፣ አንተስ አላየህም?»

«አይቻለሁ። ግን እሱ እኮ ...»

ኸድር «አይሄድም» አለና ተነሳ።

«ነገ ንገረው፤ ዝናብ ነው» አለ ሙሉጌታ።

«ነገ የለም። እኔ ነኝ የጣልኩት» ብሎ ወጣ።

እኔም መብራት አጥፍቼ በር መዝጋት ነበረብኝና ተከተልኩ፤ ሙሉጌታም ከኋላዬ። በረንዳዋ ጠባብ ስለሆነች የተባለውን ሁሉ ሰማን።

«ጋሼ፣ አልመረጥንህም» አለ ኸድር። ወዲያው ራሱን አረመ። «አልመረጥኩህም። ትከሻህ አልቋል።»

ሰይድ ዞሮ አየው። «በምን አወቅክ?»

«ስትወረውር ክርንህ ይወርዳል።»

«ይወርዳል» አለ ሰይድ። «ካቻምና ነው የጀመረው።»

«ታዲያ እያወቅክ ለምን ራስህ አልተውከውም?»

የሰይድ ጣቶች ቆመው ነበር።

«መሄድ ፈልጌ ነዋ» አለ።

ዝናቡ ጣሪያውን ይመታል። ሙሉጌታ ከኋላዬ «ጋሽ ሰይድ፣ ሽማግሌ እንላክልህ?» አለ።

«ይምጡ» አለ ኸድር፣ ዓይኑን ከሰይድ ሳይነቅል። «ሾርላይን ገና ወንበር አልገዛሁም። ሁሉም ይቆማታል።»

ሰይድ አልሳቀም፤ ፊቱ ላይ የሆነ ነገር ግን ላላ አለ። የኮቱን ቁልፎች አንድ በአንድ ቆለፈ።

«ዘሃራ ሩዝ ሠርታለች» አለ።

ኸድር እጁን ኪሱ ከትቶ ወደ መንገዱ አየ። መኪናዎቹ ውኃ እየረጩ ያልፋሉ።

«እናንተ ሰፈር አሁንም ፓርክ የሚደረግበት የለም?» አለ።

«የለም» አለው ሰይድ። «የኔን ቦታ ያዝ። እኔ መንገድ ላይ እፈልጋለሁ።»